የመሪ ገላ፣ የመራጭ ዓይን

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 2022 ምሽት፣ በፔንስልቬኒያ ግዛት ዋና ከተማ በሃሪስበርግ፣ ለአሜሪካ ሴኔት አንድ ወንበር የሚፎካከሩ ሁለት ሰዎች በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተገናኙ። አንደኛው ጆን ፌተርማን ናቸው፤ ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝሙ ግዙፍ ሰው። ከአምስት ወር በፊት ስትሮክ መትቷቸው ስለነበር የሚሰሙት ንግግር ቶሎ አይገባቸውም። የጠያቂዎቹን ቃል በጽሑፍ የሚያነቡበት ስክሪን ከፊታቸው ተደርጎላቸዋል። ሐሳብ ይጀምራሉ፣ መሐል ላይ ይቆረጥባቸዋል፤ የፈለጉት ቃል ይጠፋና ሌላ ቃል ይመጣል። ተፎካካሪያቸው መህመት ኦዝ የታወቁ የልብ ቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ለዓመታት በቴሌቪዥን ስለ ጤና ሲናገሩ የኖሩ፣ አንደበታቸው የተባ ሰው ናቸው። ያን ምሽት ማን ጤነኛ፣ ማን ሕመምተኛ እንደሆነ ለመለየት የተቸገረ አልነበረም። ሁለት ሳምንት ቆይቶ የፔንስልቬኒያ መራጭ ድምፁን ሰጠ። ሕመምተኛው 5 መቶኛ ነጥብ ገደማ በሆነ ብልጫ አሸነፉ።

ይህን ብቻ ያየ ሰው መራጭ ስለ ፖለቲከኛ ጤንነት ደንታ የለውም ሊል ይችላል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን፣ ጁን 27 ቀን 2024፣ የዚያው አገር ሕዝብ ከአትላንታ የተላለፈውን የፕሬዚዳንታዊ እጩዎች ክርክር አየ። የ81 ዓመቱ ጆ ባይደን ድምፃቸው ሰልሎ፣ የጀመሩትን ሐሳብ ሳይቋጩ፣ ዓይናቸው ፈዞ ታዩ። ወር ሳይሞላ፣ ጁላይ 21፣ ከውድድሩ ወጡ። ሁለቱም ሰዎች በሚሊዮኖች ፊት ቃል ጠፍቷቸዋል፤ አንዱን ሕዝቡ ታገሠ፣ ሌላውን አልታገሠም።

ነገሩ ዕድሜ ነው የሚለው መልስ አይበቃኝም። ባይደን በ2020 ሲመረጡ 77 ዓመታቸው ነበር፤ በ2024 ያሸነፉት ዶናልድ ትራምፕም 78 ዓመታቸው ነበር። ልዩነቱ ያለው መራጩ በሚያየውና በሚነገረው መካከል ባለው ርቀት ላይ ይመስለኛል። የፌተርማን ሰዎች መጀመሪያ ላይ ስለ ሕመማቸው ብዙ አልተናገሩም ነበር። ከሳምንታት በኋላ ግን የልብ ሐኪማቸው የጻፉት ደብዳቤ ወጣ፤ በ2017 የልብ ምት መዛባት ተገኝቶባቸው ክትትላቸውን እንደተዉ ሳይቀር ተናገረ። ክርክሩ ሲጀመርም ስለ ስትሮካቸው ያነሱት ራሳቸው ናቸው። ከተመረጡ በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 2023፣ በከባድ ድባቴ ሆስፒታል ሲገቡ ቢሮአቸው ወዲያው አስታወቀ። በባይደን በኩል የሆነው ሌላ ነው። ከክርክሩ ብዙ አስቀድሞ አብዛኛው መራጭ የሰውየው ዕድሜ እንደሚያሳስበው ለሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ደጋግሞ ሲናገር፣ በዙሪያቸው ያሉት የሚመልሱለት ሁሉም ደህና ነው እያሉ ነበር። ሕዝቡ በዚያ ምሽት ያየው ለወራት አታይም የተባለውን ነው።

ሰው ለምን ገላ ያያል? በሬ የሚገዛ ገበሬ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ይቆጥራል፣ ሻኛውን ይዳብሳል፣ ጥቂት አስኪዶ አረማመዱን ይመለከታል። ልክ ነው፤ በሬ የሚሠራው በገላው ነውና። የመሪ ሥራ ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ ማመዛዘንና መወሰን ነው፤ ለዚህ ሻኛ አያስፈልግም። ይሁንና የአገር በጀት ማንበብ ብርቱ ድካም ይጠይቃል፤ የእጩን ንግግር ከሠራው ሥራ ጋር ማስተያየትም እንዲሁ። ከአውሮፕላን ደረጃ ማን በፍጥነት እንደወረደ፣ ማን እንደተደናቀፈ ግን ማንም ያያል። ስለዚህ ዓይን በማይገባው ነገር ፈንታ የሚገባውን ይመዝናል። በ2005 አሌክሳንደር ቶዶሮቭና ባልደረቦቻቸው ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። የማያውቋቸውን የሴኔት እጩዎች ፎቶግራፍ ለአፍታ አይተው የትኛው ይበልጥ ብቁ እንደሚመስል የፈረዱ ሰዎች፣ ከአሥሩ ውድድር በሰባቱ ገደማ የመረጡት ፊት ያሸነፈው ሰው ፊት ሆኖ ተገኘ።

ይህ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። መጽሐፈ ሳሙኤል የመጀመሪያውን የእስራኤል ንጉሥ ሳኦልን ሲያስተዋውቅ ከሕዝቡ ሁሉ በትከሻ የሚበልጥ መሆኑን ይናገራል። ቆየት ብሎ ነቢዩ ሁለተኛውን ሊቀባ ሲሄድ፣ የእሴይን የበኩር ልጅ ቁመና አይቶ ልቡ ሲከጅል ይገሠጻል፤ ቁመቱን አትይ ይባላል። ያው ጸሐፊ ግን ዳዊትን ሲያስገባ መልከ መልካምነቱን ሳያነሣ አላለፈም። ተግሣጹን የጻፈው እጅ እንኳ ከዓይኑ አላመለጠም። በቢዛንታይን ደግሞ ነገሩ ጭካኔ ሆነ። ገላው የጎደለ ሰው መንገሥ አይችልም የሚል እምነት ስለነበር ከዙፋን የወረደን ሰው አካል ማጉደል ልማድ ሆኖ ነበር። ዳግማዊ ዮስጢንያኖስ በ695 ከዙፋኑ ሲወርድ አፍንጫውን ቆርጠው አጋዙት፤ ከእንግዲህ አይመለስም ብለው። በ705 ጦር ይዞ ተመለሰና እስከ 711 ነገሠ። ያለ አፍንጫ መግዛት እንደሚቻል አሳየ። በሁለተኛው ዘመኑ ያደረሰው የበቀል እልቂት ግን ሊፈራ ይገባ የነበረው ሌላ ነገር እንደነበር ያሳያል።

ዓይን ምን ያህል እንደሚታለል ለማወቅ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1960 ቺካጎ ላይ፣ በቴሌቪዥን በተላለፈው የፕሬዚዳንታዊ እጩዎች ክርክር የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ሪቻርድ ኒክሰን ጉልበታቸው አመርቅዞ ሆስፒታል ተኝተው የወጡ ነበሩ፤ ከስተዋል፣ ገርጥተዋል። ጆን ኬኔዲ ቆዳቸው በፀሐይ የጠየመ፣ ወጣት፣ ዘና ያሉ ሆነው ታዩ። በዚያ መድረክ ላይ ጽኑ በሽታ የነበረባቸው ግን ኬኔዲ ናቸው። አዲሰን የሚባለው የዕጢ በሽታ ነበረባቸው፣ ጀርባቸው በቀዶ ሕክምና ተደጋግሞ የተነካ ነበር፣ በየቀኑ መድኃኒት ይወስዱ ነበር። የዘመቻ ሰዎቻቸው ይህን ካዱ። በጉልበቱ የታመመውን በሽተኛ ያለው ዓይን ዕድሜ ልክ መድኃኒት የማይለየውን ጤነኛ አለው። ኬኔዲ በዚያ በሽታ ምክንያት ክፉ ፕሬዚዳንት ሆኑ የሚል ማስረጃ ግን አላውቅም።

የጤንነት ትርዒትም አለ። ጁላይ 16 ቀን 1966 የ72 ዓመቱ ማኦ ዜዱንግ በዉሃን ከተማ በያንግዜ ወንዝ ዋኙ። በ65 ደቂቃ 15 ኪሎ ሜትር እንደዋኙ ተነገረ፤ የወንዙን ግፊት ብንጨምርበት እንኳ ለማመን የሚከብድ ፍጥነት ነው። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ወደ ቤጂንግ ተመልሰው የባህል አብዮቱን አቀጣጠሉ። ውኃው ውስጥ የታየው ገላ ብርታት እውነት ሊሆን ይችላል። ለቻይና ሕዝብ በዚያ ሳምንት ሊነገረው ይገባ የነበረው ግን ሰውየው ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ ነበር። ሙሶሊኒም ጡንቻቸውን እያሳዩ ስንዴ ሲያጭዱ ፎቶግራፍ ይነሡ ነበር። መሪ ገላውን እንድናይለት ሲጥር ሌላ የማናየው ነገር እንዳለ መጠርጠር አይከፋም።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ የምማርበት ግን ፍራንክሊን ሩዝቬልት ናቸው፤ ሁለት በሽታ ስለደበቁ፣ ሁለቱም ስለማይመሳሰሉ። የመጀመሪያው የ1921 ፖሊዮ ነው። በ39 ዓመታቸው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ቆመው የታዩት በብረት ድጋፍና በሰው ክንድ ነበር። ጋዜጠኞች በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ፎቶግራፍ እንዳያነሷቸው የተደረገው ጥንቃቄ ለዓመታት ሠራ። እግራቸው ግን በፕሬዚዳንትነታቸው ላይ ምን ጎዳ? ምንም። አገሪቱ በኢኮኖሚ ድቀት በተሽመደመደችበት ጊዜ መርተዋታል። አካል ጉዳት ለመሪነት እንቅፋት ነው የሚል ሰው ለዚህ መልስ የለውም። በጀርመን ቮልፍጋንግ ሾይብለ በ1990 በጥይት ተመትተው ሽባ ከሆኑ በኋላ ከ2009 እስከ 2017 የገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ። በቴክሳስ ግሬግ አቦት በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው በ2014 ገዥ ተመረጡ።

ሁለተኛው በሽታ ግን ሌላ ነው። በማርች 1944 ሃዋርድ ብሩን የተባሉ ወጣት የልብ ሐኪም ሩዝቬልትን መረመሩ። ልባቸው እየደከመ፣ የደም ግፊታቸው እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። በዚያው ዓመት ለአራተኛ ጊዜ ተወዳደሩ። የግል ሐኪማቸው ሮስ ማኪንታየር ፕሬዚዳንቱ ጤነኛ ናቸው እያሉ ለሕዝብ ይናገሩ ነበር። ኦክቶበር 21 ላይ ሩዝቬልት ጥርጣሬውን ለማጥፋት በኒው ዮርክ መንገዶች ላይ ለሰዓታት፣ ክፍት መኪና ውስጥ ሆነው፣ በብርድ ዝናብ ተጓዙ። ያየ ሁሉ ተደነቀ። በኖቬምበር ተመረጡ፤ ኤፕሪል 12 ቀን 1945 ዎርም ስፕሪንግስ ላይ አረፉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልቤን የሚነካው ሞታቸው አይደለም፤ ሰው ይሞታል። የሚከነክነኝ በ82 ቀን ምክትልነት ፕሬዚዳንት የሆኑት ሃሪ ትሩማን ነገር ነው። ከሩዝቬልት ጋር ለብቻቸው የተነጋገሩት ጥቂት ጊዜ ነው። ስለ አቶሚክ ቦምቡ በወጉ የተነገራቸው ሥልጣኑን ከያዙ በኋላ ነው። ሐኪሞቹ የሩዝቬልትን የልብ ሁኔታ ሲያውቁ፣ ተተኪውን ማዘጋጀት የማንም ሥራ አልሆነም፤ ማዘጋጀት ማለት በሽታውን ማመን ነበርና። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ያለ መድኃኒት የቀረችው ግን አገሪቱ ነበረች። ሕዝቡ የማይጎዳውን በሽታ ሲደብቁት በዝምታ ተባብሮ ነበር፤ የሚጎዳውን ሲደብቁ ያው ልማድ ሸፈናቸው። ስለ እግር እውነቱ ተነግሮ ቢሆን ኖሮ ስለ ልብ እውነቱን መናገር ይቀል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለእኛ ይህ ነገር ከሩቅ የሚታይ አይደለም። አፄ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። ጤናቸው ሲከዳቸው የመንግሥት ሥራ በእሳቸው ገላ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል የሚያደርግ ነገር ጀመሩ ማለት ነው። በግንቦት 1901 ዓ.ም. ገና ልጅ የነበሩት ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው ታወጀ። በ1902 ዓ.ም. መባቻ ግን ምኒልክን የመታቸው ስትሮክ አካላቸውንም አንደበታቸውንም ያዘ። ከዚያ አራት ዓመት ኢትዮጵያ አንድ ሰው በተኙበት አልጋ ዙሪያ ቆመች። እቴጌ ጣይቱ ከአልጋው አጠገብ ሆነው ሲያዝዙ ቆዩ፤ በ1902 ዓ.ም. መጋቢት መኳንንቱ ከሥልጣን አገለሏቸው። እንደራሴው ራስ ተሰማ ናደው በዓመቱ ሞቱ። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ብዙ ቆየ። ልጅ ኢያሱም ዘውድ ሳይጭኑ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ወረዱ። ያኔ መራጭ አልነበረም፤ ንጉሡ እንዴት አደሩ ብሎ መጠየቅም ያስፈራ ነበር። ሆኖም ሚኒስትሮች የሾሙት ንጉሥ፣ አሟሟታቸውን ከደበቁት መኳንንት ይልቅ ነገሩ የገባቸው ይመስለኛል።

አንድ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ በ2004 ዓ.ም. ክረምት ያው ዝምታ ተመለሰ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ከሕዝብ ዓይን ተሰወሩ። አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤም አልታዩም። መንግሥት እያገገሙ ነው ይል ነበር። ነሐሴ 14 ቀን ብራስልስ አረፉ፤ ሕዝቡ የሰማው በማግስቱ ነው። በእነዚያ ሳምንታት በታክሲ ውስጥ፣ በቡና ላይ፣ ከዋሽንግተንና ከቤይሩት በሚደወል ስልክ የሚጠየቀው አንድ ነበር፤ ታመዋል ወይስ ሞተዋል? ይህን የሚጠይቀው ሰው ወሬ ወዳድ ስለሆነ አልነበረም። የነገ ኑሮው በዚያ መልስ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በእኛ ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው፤ ሕዝቡ የሚመርጠው ተወካዩን ነው። ምክትሉ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማይኖሩበት ጊዜ ተክተው እንደሚሠሩ አንቀጽ 75 ይደነግጋል። ምክትሉ ኃይለማርያም ደሳለኝ መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ ብዙዎች የፈሩት ትርምስም አልመጣም። መተኪያው መንገድ ተጽፎ ከነበረ ሕመሙን ከሕዝብ መደበቁ ለማን ጠቀመ? ከዚያ ክረምት ፍርሃት በቀር የተረፈን ነገር አላየሁም።

ከዚህ ተነሥቼ አንድ ነገር እላለሁ። የመሪው ጡንቻ የሚያስጨንቀው መራጭ ሳያውቀው ንጉሥ እየፈለገ ነው፤ አገሩ በአንድ ሰው ሳንባ እንድትተነፍስ ፈቅዷል። የመራጭነት ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ ሰው ሲታመም ማን ይሠራል? ያ ሰው ምን ያውቃል? መታመሙንስ ማን፣ መቼ ይነግረናል? የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን በኦክቶበር 1919 ስትሮክ ሲመታቸው ባለቤታቸው ኤዲትና ሐኪማቸው ማን እንደሚገባ፣ የትኛው ወረቀት እንደሚደርሳቸው እየወሰኑ ከአንድ ዓመት በላይ ቆዩ። አሜሪካ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ሃያ አምስተኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ያጸደቀችው በ1967 ነው። ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው አልችልም ሳይሉ ሥልጣኑ ወደ ምክትሉ የሚያልፍበት አራተኛው ክፍል እስከ ዛሬ አንድ ጊዜም ሥራ ላይ አልዋለም። ሕግ መጻፍ ቀላሉ ነው፤ ሰውየው ታሟል ብሎ መጀመሪያ የሚናገረው ሰው ነው የሚጠፋው።

ታዲያ መሪ እንደማንኛውም ሰው የሕመም ምሥጢር የለውም? አለው። እኔ በዚህ ላይ ችኩል ፍርድ አልወድም። ስለ ድባቴው፣ ስለ መካንነቱ፣ ድሮ ስለ ዳነበት በሽታ ለአደባባይ የመናገር ግዴታ ያለበት ሰው አላይም። ምሥጢሩ የሚያበቃበት ጊዜ ግን አለ፤ ያን ጊዜ ከማንም በላይ የሚያሳየኝ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት የፍራንስዋ ሚትራን ታሪክ ነው።

ጆርጅ ፖምፒዱ በ1974 በሥልጣን ላይ እያሉ በበሽታ ሞተው ፈረንሳይ ሕመማቸውን ሳታውቅ ቆይታ ነበርና፣ ሚትራን በሜይ 1981 ሲመረጡ በየስድስት ወሩ የጤና መግለጫ እንዲወጣ ቃል ገቡ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘባቸው፤ ወደ አጥንታቸውም ዘልቆ ነበር። ሐኪሞቹ ከጥቂት ወራት እስከ ሦስት ዓመት ሰጧቸው። መግለጫው አልቆመም። ሐኪማቸው ክሎድ ጉብለር በየስድስት ወሩ ፕሬዚዳንቱ ደህና ናቸው እያሉ ፈረሙ። ግልጽነትን ለማምጣት የተፈጠረው ወረቀት የሐሰት መሣሪያ ሆነ። ሚትራን በሽታቸውን ለሕዝብ የተናገሩት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ፣ በ1992 ነው። ከሥልጣን በ1995 ወረዱ፤ ጃንዋሪ 8 ቀን 1996 ሞቱ። ከቀናት በኋላ ጉብለር ሁሉንም የሚናገር መጽሐፍ አወጡ፤ ፕሬዚዳንቱ ከ1994 መጨረሻ ጀምሮ ሥራቸውን መሥራት አይችሉም ነበር ብለው ጻፉ። ፍርድ ቤት መጽሐፉን ወዲያው አገደ። በ2004 የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ጉዳዩን ሲያይ፣ ቤተሰቡ ሐዘን ላይ በነበረበት ሰሞን የተጣለውን እገዳ ተቀበለ፤ እገዳው ለሁልጊዜ እንዲጸና መደረጉን ግን ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ጥሰት ነው አለ።

ፍርዱ ሚዛናዊ ነው፤ የሚናገረው ግን ከሞት በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። የእኔ ጥያቄ በ1988 ላይ ነው። በዚያ ዓመት ሚትራን ከፈረንሳይ ሕዝብ ሌላ ሰባት ዓመት ለመኑ። ሐኪሞቹ ከሰጧቸው ጊዜ በላይ ኖረዋል፤ አእምሯቸው ንቁ ነበር፤ በሽታው ባለበት ቆሞላቸው ነበር። እውነቱ ቢነገረው ሕዝቡ ይመርጣቸው ነበር? ይችላል። እኔ ፈረንሳዊ ብሆን ኖሮ ምናልባት እመርጣቸው ነበር፤ ምክንያቱም ሰባት ዓመት ገደማ ታመው የሠሩትን ሥራ አይቻለሁ። ያን ውሳኔ ግን ለመራጩ የሚተውለት ሰው አልተገኘም። በሽተኛና ሐኪም ተቀምጠው፣ በር ዘግተው፣ በእሱ ፈንታ ወሰኑለት።